የማይበላሸው ሰንጢ

«አንገቱ እንደ ሰካራም የሚወዛወዝ ሰንጢ ሸጠሽልኝ ስታበቂ ጥፋቱ የኔ ሆነ?»

«ለሲባጎ መቁረጫ ነው የሸጥኩልህ። የጋሪ ጎማ ፈልቅቅበት አላልኩህም።»

«ጎማ ከየት አመጣሽ? ሸንኮራ ነው የላጥኩበት። ወላሂ፣ ሸንኮራ ብቻ።»

ከትምህርት ቤት ስመለስ የደረስኩት ጠቡ ከጦፈ በኋላ ነበር። በባንኮኒው ሥር ሾልኬ ገባሁና የሳሙና ካርቶኔ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ የሁለቱም ፊት ይታየኛል። አክስቴ ፈይሩዛ ከውስጥ በኩል መዳፎቿን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ቆማለች፤ ሻርፗ ወደ ኋላ ሸሽቶ የግንባሯ ፀጉር ወጥቷል። ጋሪ ነጂው ሁሴኖ ከውጭ በኩል ነው። ዝናብ የጠገበ ካፖርቱ የፈረስ ላብ ይሸታል። በመካከላቸው ቀይ እጀታ ያለው ሰንጢ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ ሁሴኖ በጣቱ ጫፍ ነካ ባደረገው ቁጥር ስለቱ ግራና ቀኝ ይላል።

ከአክስቴ ጀርባ አባቴ በገዛ እጁ በቀይ ቀለም የጻፈው ማስጠንቀቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። አክስቴ ጀርባዋን ለጽሑፉ እንደሰጠች ጎንበስ ብላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሌላ ሰንጢ አወጣችና ባንኮኒው ላይ አኖረች። በእጁ አልሰጠችውም። ስለት ያለውን ነገር በቤታችን እጅ ለእጅ አይቀባበሉትም፤ ጠብ ያመጣል ይባላል። አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሳል። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ እንዲህ የሚጨቃጨቁ ሰዎች እጅ ለእጅ ቢቀባበሉ ኖሮ ምን ሊሆኑ ነበር እያልኩ እገረም ነበር።

ሁሴኖ አዲሱን ሰንጢ ኪሱ ከተተ። «ይሄም ከተበላሸ ግን አለቅሽም» አለ።

«ማን ልቀቀኝ አለህ?» አለች አክስቴ።

አሮጌውን ሰንጢ አንስታ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጣለችው። ቆርቆሮው ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁሴኖ ለካ በየገበያው ቀን ይመጣል። አንዱ ሞላው ሞቷል ብሎ፣ ሌላው ታጥፎም አፍንጫው ወጥቶ ኪሴን ቀደደው ብሎ፣ ሌላው አንድ ቀን ዝናብ ቢነካው ዛገ ብሎ ይዞ ይመለሳል። ሌላ ገዢ አንድ ጊዜ ከወቀሰ በኋላ ሱቅ ይቀይራል። እሱ አይቀይርም። ይህን የልብ ክፋት አድርጌ ወሰድኩት።

ሱቃችን አሰላ ውስጥ ከመናኸሪያ ወደ እህል ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ ጠባብ፣ ጨለምለም ያለ፣ ጋዝና ሳሙና የሚሸት። አባቴ ሰኢድ ዕቃ ሊያመጣ እየሄደ ቀናት ስለሚቆይ ሱቁ በእህቱ በፈይሩዛ እጅ ነበር። እኔን ያሳደገችኝም እሷ ናት ማለት ይቻላል። ፀጉሬን የምትሠራው፣ ማታ እግሬን በእግሯ መካከል አድርጋ የምታሞቀው እሷ ነበረች። የአሰላን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እና ፈይሩዛ ሰንጢ መምረጥ የምታውቅ ሴት ነበረች። ይሄ ነው ነገሩን ያከበደብኝ። በራፋችን ላይ በላስቲክ ጥላ ሥር ካሮትና ድንች የምትሸጠው አደ ቢፍቱ ሰንጢ ስትፈልግ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። አክስቴ ካርቶኑን አወጣችና አንድ በአንድ ትከፍት ጀመር። በመጀመሪያ ጆሮዋን ትሰጠዋለች፤ ጥሩ ሰንጢ ሲከፈት «ቀጭ» ብሎ ባለበት ይቆማል፤ እየለገመ ከወጣ ሞላው ደክሟል። ቀጥላ የስለቱን ጫፍ በሁለት ጣት ይዛ ታወዛውዘዋለች፤ ብሎኑ የላላ ከሆነ እዚያው ይናገራል። ከዚያ ታጥፈውና በጀርባው ላይ መዳፏን ታንሸራትታለች፤ አፍንጫው ብቅ ካለ መጀመሪያ ኪስ፣ ቀጥሎ ጭን ይበላል። በመጨረሻ ወደ በሩ ብርሃን ዞራ የስለቱን ጠርዝ ትመለከታለች፤ ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ክር ካበራ ጋዜጣ አንጠልጥላ ትቆርጥበታለች።

«ርካሽ ሰንጢ እንደ ርካሽ ጫማ ነው፣ አደ ቢፍቱ» አለቻት። «ሁሉም አንድ ይመስላል። ልዩነቱ መንገድ ላይ ነው የሚታወቀው። ሎሚ ከቆረጥሽበት ጥረጊው፤ ብሎኑ ላይ ዘይት ጠብ አድርጊበት፤ ምንም ነገር አትፈልቅቂበት።»

ቢፍቱ ያን ሰንጢ ዓመቱን ሙሉ የካሮት ቅጠል ስትቆርጥበት ከረመች፤ አንድ ቀን አላማረረችም።

ለሁሴኖ ስትመርጥለትም ያንኑ ሁሉ ታደርጋለች። ትከፍታለች፣ ታዳምጣለች፣ ታወዛውዛለች፣ ብርሃን ላይ ታያለች። ከዚያ ፈተናውን የወደቀውን ለይታ በጋዜጣ ትጠቀልልለታለች። አንዳንዴ ለሱ የሚሆነው እስኪገኝ ካርቶኑን ግማሽ ድረስ ትፈትሻለች። ከጠዋት ጀምራ አዘጋጅታ የምትጠብቅበት ቀንም ነበር። አክስቴ ይህን ሰው ምን ያህል ብትጠላው ነው እንዲህ የምትደክምለት አልኩ።

በቅርቡ ይህን ሳነሳባት እየሳቀች፣ «ሰው የሚጠላውን ሰው ኪስ ምን እንደሚገባበት ሲያስብ ያድራል እንዴ?» አለችኝ። ሁሴኖም በበኩሉ አንድ ጊዜ የሰጠችው ሰንጢ እንደታሰበው መጥፎ ሳይሆን ቀርቶ፣ ብሎኑን በሚስማር ቀጥቅጦ ለማላላት ግማሽ ቀን እንደፈጀበት ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። በልጅነቴ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። የማውቀው አክስቴ ሰውየውን እንደምትበድለው፣ እሱም እንደማይለቃት ብቻ ነበር።

አባቴ ከመንገድ ተመልሶ የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍቶ ሲያይ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነበርኩ። ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ ነቀነቀውና አስቀመጠው። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አባቴ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ነገሩ ሲከብድ ነው።

«ይሄ ሰውዬ የሚመጣው ለሰንጢ አይደለም» አለ።

አክስቴ ሚዛኑን መወልወል ጀመረች።

«ሰው ያያል፣ ፈይሩዛ። ቢፍቱ አለች፣ መንገደኛ አለ። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን ለሌላ ሰው ሰጥቼ አንቺን ወራቤ እናታችን ጋ እሰድሻለሁ።»

ለሰንጢ ካልመጣ ለምን እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ አልተቸገርኩም፤ ሊዘርፈን ነው። የሱቁን ውስጥ በደንብ እያጠና ነው። ከዚያ ወዲያ ካፖርቱን ባየሁ ቁጥር የትኛው ኪሱ ስንት ሳሙና እንደሚይዝ እገምት ነበር። ያስደነገጠኝ ግን ዝርፊያው ሳይሆን ወራቤ ነው። አክስቴ ወራቤ ከሄደች እግሬን ማን ያሞቀዋል? ማታውን ነቅቼ እያሰብኩ አንድ መፍትሔ አገኘሁ። ሰውየው የሚመለሰው ሰንጢው ስለሚበላሽ ነው። የማይበላሽ ሰንጢ ካገኘ ምክንያት ያጣል። ምክንያት ያጣ ሰው አይመጣም። እሱ ካልመጣ አክስቴ አትሄድም። እንዲህ የጠራ ሐሳብ ካደግሁ በኋላ ብዙ ጊዜ አልመጣልኝም።

ከጭላሎ ተራራ የወረደ ጉም መንገዱን የሸፈነበት ቀን ነበር፤ ገዢ የለም፤ አክስቴ ዙህር ልትሰግድ ጓዳ ገብታለች። የሰንጢውን ካርቶን ጎትቼ ባንኮኒው ሥር ዘረገፍኩት። አክስቴ እንደምታደርገው አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ አዳመጥኩ፣ አወዛወዝኩ። ጋዜጣ ቆረጥኩ። ጋዜጣ ሲያልቅ የሒሳብ ደብተሬን ቆረጥኩ፤ የማላዝንበት ደብተር ነበር። ከዚያ ላጲሴን፣ ከዚያ የዩኒፎርሜን ጠርዝ፣ ከዚያ ለሙከራ ያህል የስኳር ጆንያውን ጥግ። ስኳሩ እንደ አሸዋ መፍሰስ ሲጀምር በመዳፌ ተቀበልኩት፤ ወለል ላይ እንዳይባክን በልቼ ጨረስኩት። ከሁሉም ውስጥ አንድ ሰንጢ ብቻ ተገኘ። እጀታው እንደሌሎቹ ቀይ ነው። ሲከፈት «ቀጭ» አለ፤ ሳወዛውዘው ድንጋይ ሆነ፤ ሲታጠፍ አፍንጫው ተቀበረ፤ ብርሃን ላይ ስይዘው ጠርዙ አንድ ክር ሆኖ አበራ። የጓሮው ደረጃ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጊዜ ሳልኩት፤ ብሎኑ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩበት።

በገበያው ቀን አክስቴ ለሁሴኖ መርጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ባንኮኒው ሥር ያኖረችውን ወሰድኩና የኔን በቦታው አስገባሁ። የሷን ሳሙና ካርቶኔ ውስጥ ደበቅኩት። ሁሴኖ መጣ። ተጨቃጨቁ። አክስቴ ጥቅሉን አስቀመጠች፣ እሱ አነሳ፣ ሄደ። ደስታዬን ለመደበቅ አፌን በአክስቴ ሻርፕ ጫፍ ያዝኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁሴኖ አልመጣም።

ከዚያ በሚቀጥለውም አልመጣም። ያሰብኩት መሥራቱ እኔን አላስደነቀኝም። የገረመኝ የአክስቴ ነገር ነው። ከጠላቷ የተገላገለች ሴት መዝፈን ሲገባት ጨውና ስኳር ታምታታ ጀመር። የጋሪ ቃጭል በተሰማ ቁጥር ሻርፗን ወደ ፊት ትስባለች፤ ጋሪው ሲያልፍ መልሳ ትለቀዋለች። ፀጉሬን ስትሠራ ጎትታ አስለቀሰችኝ።

አደ ቢፍቱ ከላስቲክ ጥላዋ ሥር ሆና፣ «ዛሬም ቀረ?» አለቻት። «እንግዲህ ሰንጢው ተስማማው ማለት ነው። እኔ ብሆን ካሮት ነበር የምሸጥለት። ካሮት ቢያንስ ይበሰብሳል።»

አክስቴ ሳሙና ልታወጣ ካርቶኔን ከፈተችና በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሰንጢ አገኘች። ፈታችው፤ ከፈተችው፤ ስለቱ ግራና ቀኝ አለ። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር የከረምኩት። ሁሉንም ነገርኳት። እንዴት እንደመረጥኩ፣ እንዴት እንደሳልኩ፣ ዘይቱን ሳይቀር። «ከእንግዲህ መቼም አይመጣብሽም» አልኳት።

አክስቴ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በደስታ ማልቀሷ መስሎኝ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት። «አበጀሽ፣ ሴና» አለች በጣቶቿ መካከል። «አበጀሽ የኔ ብልህ። ገደልሽኝ።»

እንደ ትልቅ ምርቃት ቆጠርኩት።

በዚያው ሰሞን ሁሴኖ ምን ላይ እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሰንጢውን በሽቦ ላይ ሞክሮታል። ድንጋይ ላይ ፈግፍጎታል። አንድ ቀን ጢቾ መንገድ ላይ ጥሎ በጭነት ጋሪ ሄደበት፤ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ ታጥቦ ወጣ፣ ሲከፍተው «ቀጭ» አለ። ሳይበላሽ ተበላሸ ብሎ እንዳይመጣ ደግሞ፣ ሱቅ ውስጥ ወላሂ ሳይል አፉን መክፈት አይችልም፤ በሐሰት መማል ፈራ። ዝም ብሎ መጥቶ ሰላም እንዳይል፣ ያለ ጠብ እንዴት እንደሚያናግራት አያውቅም። «ሌላ ቋንቋ አልነበረንም» ይላል እስከ ዛሬ።

በመጨረሻ የመጣው አባቴ ሱቅ ውስጥ ባለበት ቀን ነው። በራፉ ላይ ካፖርቱን አራገፈ። «አካም ጂርቱ፣ ጋሽ ሰኢድ» አለና ሰንጢውን ባንኮኒው ላይ አኖረ። 

«ምኑ ተበላሸ?» አለ አባቴ።

«ምኑም አልተበላሸም።»

«ታዲያ ምን ሆንኩ ብለህ ነው ያመጣኸው?»

ሁሴኖ ሰንጢውን አየ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። «እሱ ነው ያስቸገረኝ፣ ጋሽ ሰኢድ» አለ። «ሰንጢ እንዴት ይሄን ያህል ጊዜ ምንም ሳይሆን ይከርማል?»

በሩ ላይ ቢፍቱ ድንች መመዘኗን አቆመች። አክስቴ እጇን ሰደደችና ሰንጢውን አነሳች። ከፈተችው፤ አዳመጠችው፤ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ከዚያ አጠፈችውና፣ ባንኮኒው ላይ በማስቀመጥ ፋንታ፣ በቀጥታ በእጁ ሰጠችው። እጁም ከእጇ ለመላቀቅ ከሚገባው በላይ ዘገየ።

«አስቀምጪው እንጂ» ብዬ ጮኽኩ። ማንም አልሰማኝም። እጅ ለእጅ ተቀባብለዋል፤ ከእንግዲህ የሚመጣው ጠብ እንደ እስካሁኑ እንደማይሆን ገባኝ። በዚህ እንኳ አልተሳሳትኩም፤ ሁለቱ እስካሁን በጨው ማነስና በበር አለመዝጋት ሲጨቃጨቁ ይውላሉ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለተኛ ሰንጢ ይዘህ እዚህ ሱቅ እንዳትመጣ» አለው። ሁሴኖ ወደ በሩ ዞረ። «ስማ» አለ አባቴ፣ «ሽማግሌ ይዘህ ና።»

ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው። ሽማግሌ ለምን እንደሚጠራ በደንብ አውቃለሁ። በዚያው ክረምት ቢፍቱና የጎረቤታችን ጃንጥላ ጠጋኝ በውሃ መውረጃ ተጣልተው የታረቁት እኛ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ቢፍቱ ጥፋቷን እንዳመነች ወዲያው አሳሳሟቸው። ጃንጥላ ጠጋኙ ግን ስለካደ እስከ መግሪብ አስቀምጠውታል። ከዚህ የተማርኩት ቶሎ ያመነ ቶሎ እንደሚታረቅ ነው።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናብ አብሯቸው መጣ። ዱላቸውን በራፉ ላይ ደርድረው ሳሎን ገቡ። የቀረበላቸውን አልነካ አሉ፤ ጉዳያችን ሳይታይ እህል አንቀምስም አሉ። ነገሩ ከውሃ መውረጃው የከፋ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሁሴኖ አብሯቸው አልገባም። ሊጋፈጣት አልፈለገም አልኩ በሆዴ። አክስቴ ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች። ለፍርድ ቀን ጥሩ ልብስ መልበሷ አሳዘነኝ።

ነጭ ጺም ያላቸው ትልቁ ሽማግሌ ስለ ሁሴኖ አባት፣ ስለ መሬታቸው፣ ስለ ፈረሱ ጨዋነት ሳይቀር ረጅም ንግግር አደረጉ። አባቴ መሬት መሬት እያየ ያዳምጣል። ስለ ሰንጢው የሚያነሳ ጠፋ። ይህ አካሄድ እስከ መግሪብ እንደሚያስቀምጠን፣ ካልሆነም ወራቤ እንደሚያደርሳት ታየኝ። ሱቅ ገባሁ፤ የብስኩት ቆርቆሮውን በአንድ እጄ፣ የሰንጢውን ካርቶን በብብቴ ይዤ ተመለስኩና መሐል ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት።

«ጥፋቱ የሷ ነው» አልኩ። «መጥፎ መጥፎውን እየመረጠች ነው ስትሰጠው የከረመችው። እኔ ምስክር ነኝ። አሁን ከዚህ ጥሩውን ይምረጥና አስታርቋቸው። ወራቤ እንዳትልኳት።»

 ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። የአባቴ ጆሮ ቀላ። ትልቁ ሽማግሌ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ከክምሩ አንዱን አነሱ፤ ከፈቱት፤ ስለቱ ግራና ቀኝ አለ።

«ይሄን መርጣ ሰጠችው?»

«አዎ።»

«እያወቀች?»

«እያወቀች። ብርሃን ላይ አይታ።»

ሽማግሌው ሌሎቹን በተራ ተመለከቱ። ጺማቸው ተንቀጠቀጠ። «እሱስ ወሰደው?»

«ሁሉንም ወስዷል። ይጨቃጨቅና ይወስዳል።»

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እንግዲያ እኛ ለምን እንደመጣን እንጃ። ነገሩ ያለቀ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። የሳቁበት አልገባኝም፤ ግን አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ሳይጨርስ ሰንጢ አንስቶ ይከፍት ነበር፤ ሌላው ደግሞ ከእጁ ቀምቶ ሞላው የደከመ ነው አለው። ትልቁ ሽማግሌ ሰንጢ የሚመረጥ በእጀታው ነው አሉ። ጎናቸው ያሉት፣ ስለቱ ከዛገ እጀታው ምን ሊረባ አሉ። አባቴ ሽማግሌ ተቀባይ መሆኑን ረስቶ ምንጣፉ ላይ በርከክ አለና ብሎን ማለት እንዲህ ነው እያለ ማስረዳት ጀመረ። ጋዜጣ አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁ። የዱላ ጫፍ ተቀረጸ፣ ጥፍር ተቆረጠ፣ የምንጣፉ ክር ሳይቀር ተሞከረ። አማርኛና ኦሮምኛ እየተቀላቀለ፣ አንዱ የሌላውን ሰንጢ ሲያንቋሽሽ፣ ሳሎኑ የገበያ ቀን ሆነ።

እኔ መሐላቸው ነበርኩ። የጠርዙን ክር በብርሃን እንዴት እንደሚያዩት ለትልቁ ሽማግሌ እያሳየሁ ሳለ፣ ከጓዳው በኩል የእርጥብ አፈርና የፈረስ ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ነፋስ ገብቶ የቆረጥነውን ጋዜጣ በተነው።

«የጓሮውን በር ዝጊው፣ ሴና» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከሰንጢው ሳያነሳ።

ተነስቼ ሄድኩ። መጋረጃው ወደ ጎን ተገፍቷል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደረጃው ላይ የአክስቴ የላስቲክ ጫማ የለም። ከአጥሩ ማዶ የጋሪ ቃጭል አንድ ጊዜ ተንቃጨለ።

በሩን ዘጋሁና ሮጬ ተመለስኩ፤ ለዝገት የሚሻለው የምግብ ዘይት ነው ወይስ ጋዝ የሚለው ገና አልተቆረጠም ነበር።